ምች፥ ፀሐይና የተዳፈነ እሳት

በአገራችን «ምች» የሚባለው ቃል ቆም ተብሎ ሊታሰብበት የሚገባ ቃል ነው። ሰው ላብ አልብቶት ሳለ ከቤት ወጥቶ ፀሐይ ቢመታው፥ ከዚያም ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቍስል ቢወጣበት፥ ራሱን ቢያመውና ትኵሳት ቢይዘው «ምች መታው» ይባላል። መድኃኒቱም ከጓሮ የተቀነጠበ ዳማ ከሴ ነው፤ በእጅ ታሽቶ ይሸተታል፥ ጭማቂውም ይቀባል። እንግዲህ በሕዝባችን አሳብ ምች ማለት ፀሐይ የምታመጣው ሕመም ማለት ነው። ሕፃናትን በጥቂት ቀን ውስጥ የሚነጥቀውንም ብርቱ የሳንባ ሕመም «ሳንባ ምች» ብለን በዚያው ስም እንጠራዋለን። ይህን ስም እየሰማች ያደገች እናት ልጅዋን ከፀሐይ ብትሸሽግ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን በገዛ ዋና ከተማችን የተደረገ ምርመራ ይህን አሳብ ገልብጦ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ስለ ቪታሚን፥ ስለ ሆርሞንና ብግነት ስለሚባለው የሰውነት ቃጠሎ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቈጣጠር አስቀምጠናቸዋል።

በሉማሜና በዙሪያዋ ባሉት የአዋበል ገጠሮች አራስ ቤት እንዴት እንደሚጠበቅ የአካባቢው ተወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ደጁ ይዘጋል፥ መስኮት ካለም ይጋረዳል፤ ሕፃኑ በነጠላና በጋቢ ይጠቀለላል፤ ከዐይን፥ ከብርድ፥ ከምች ይጠበቃል። ወንዱ በአርባ፥ ሴቷ በሰማንያ ቀን ለክርስትና ሲወጡ ብዙዎቹ ከደጅ የሚወጡት ገና ያን ጊዜ ነው፤ እርሱም ፊታቸው ተሸፍኖ። ከዚያም ወዲያ እናቲቱ ገበያ ስትሄድ ልጅዋን አዝላ ከላይ ትደርብበታለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም፤ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን የወሰነችው ለጥምቀት ነው እንጂ ሕፃኑ እስከዚያ ድረስ በጨለማ ይኑር ብላ አይደለም። ልማዱ ከፍቅርና ከፍርሃት የተወለደ ነው፤ ልጅ በብዛት ይሞት በነበረበት አገር እናት ብትፈራ ማን ይፈርድባታል?

እኛ ፊደል የቈጠርነው በደብሩ ቅጥር ውስጥ ከወይራ ዛፍ ሥር፥ ፀሐይ እየሞቅን ነበር። ኋላ ዲቁና ተቀብለን፥ ቀጥሎም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተን፥ እነሆ ዛሬ በመምህርነት ሥራ ላይ እንገኛለን። በእነዚህ የማስተማር ዓመታት እግራቸው እንደ ቀስት የተለመጠ፥ ወይም ጕልበታቸው እርስ በርሱ የሚጋጭ ልጆች አልፎ አልፎ ከክፍላችን ይገባሉ። ወላጆቻቸው ሲጠየቁ «ሳይጠና ቶሎ ስለ ቆመ ነው» ይላሉ። እውነቱ ግን አጥንቱ ቀድሞውኑ ሳይጠና ስለ ቀረ፥ ልጁ በቆመ ጊዜ የሰውነቱን ክብደት መሸከም አለመቻሉ ነው። ሐኪሞች ይህን ደዌ ሪኬትስ ይሉታል። መንሥኤው በአብዛኛው ቪታሚን ዲ የሚባለው ነገር ማነስ ነው፤ ቪታሚኑም በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራው ፀሐይ ቈዳችንን በነካችው ጊዜ ነው።

ሪኬትስ የያዘው ሕፃን እግሩ ብቻ አይደለም የሚጐዳው። እርግብግቢቱ በጊዜው አይገጥምም፤ ጥርሱ ይዘገያል፤ የጐድን አጥንቶቹ ከልም አጥንቱ ጋራ በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ከላይ እስከ ታች ድብልብል እያሉ ያብጣሉ፤ ይህንም ምልክት ሐኪሞች በጸሎት መቍጠሪያ ስም ይጠሩታል። የዚህን ሕፃን ደረት የዳሰሰች እናት መቍጠሪያዋን የዳሰሰች ያህል ይሰማታል። እንግዲህ የጐድን አጥንት ልል ከሆነ ደረት ሲተነፍስ እንደሚገባ አይነፋም፤ ሲያስልም አክታውን አስፈንጥሮ ማውጣት ይሳነዋል። የሳንባ ሕመም የመጣ እንደ ሆነ ይህ ልጅ የሚዋጋበት መሣሪያ አስቀድሞ ተወስዶበታል።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አገልጋይ የነበሩ ሐኪሞች ሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት፥ ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ጋራ አስተያዩአቸው። ሳንባ ምች ከያዛቸው ከ500ዎቹ ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልያዛቸው ከ500ዎቹ ውስጥ ግን ሪኬትስ የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። መርማሪዎቹ የቤተ ሰብን ብዛት፥ የቤትን መጣበብ፥ ጡት ብቻ የጠቡበትን ጊዜና ይህን የመሰለውን ሁሉ በሒሳብ ለይተው ካወጡ በኋላ እንኳ፥ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙ ነገር ከሌላው ዐሥራ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ ጽሑፍ በ1989 ዓ.ም. ላንሴት በሚባለው ታላቅ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። እነሆ፥ ፀሐይ ታመጣዋለች ብለን በስሟ የጠራነው ደዌ፥ ፀሐይ በተነፈገው ሕፃን ላይ በርትቶ ተገኘ! ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ፀሐይ በማይለያት አገር ልጅ በፀሐይ እጦት መታመሙ የሚያሳዝን ነገር ነው።

በዚህ ጊዜ «ቪታሚን ከሆነ እንግዲያስ ከምግብ እናገኘዋለን» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ስሞቹን እናስረዳ። ቪታሚን የሚለውን ስም በ1904 ዓ.ም. ያወጣው በለንደን ይሠራ የነበረ ካሲሚር ፉንክ የሚባል ፖላንዳዊ ሊቅ ነው፤ የስሙም መነሻ በላቲን ሕይወት ማለት ነው። ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፥ ነገር ግን በጥቂቱ ካላገኘው የሚታመምበት የምግብ ክፍል መሆኑን ለማመልከት ነው። ሆርሞን የሚለውን ደግሞ በ1897 ዓ.ም. ያስተዋወቀው ስታርሊንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ከጽርዕ የተወሰደ ሲሆን «የሚያነሣሣ፥ የሚቀሰቅስ» የሚል ትርጓሜ አለው። ሆርሞን በአንዱ የሰውነት ክፍል ተሠርቶ በደም መንገድ ወደ ሌላው የሚላክ መልእክተኛ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ሁለቱን በየምዕራፋቸው ለያይተው ያስቀምጧቸዋል፤ ተማሪዎቻችንም ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ዲ እያሉ በቃላቸው ይወጧቸዋል። ቪታሚን ዲ ግን ከሁለቱም ምዕራፍ አይወጣም። ፀሐይ ቈዳችን ውስጥ ካለ አንድ ቅባታማ ነገር ታስጀምረዋለች፤ ጉበት ተቀብሎ ያሻሽለዋል፤ ኩላሊት ሥራውን ይፈጽመዋል፤ ከዚያ በኋላ በደም ተጕዞ የሕዋሳትን ውስጠኛ ፍሬ ገብቶ ትእዛዝ ይሰጣል። ስሙ ቪታሚን ይባል እንጂ ሥራው የሆርሞን ሥራ ነው። በምግብ በኩል በዓሣ፥ በጉበትና በእንቍላል አስኳል ውስጥ ይገኛል፤ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ግን ጥቂት ብቻ ነው። በአገራችን ጤፍ፥ በሽንብራችንና በጐመናችን ውስጥ አይገኝም።

ከዚህም የሚበልጥ ምሥጢር በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ተገለጠ። ነጭ ከሆኑት የደም ሕዋሳት መካከል ጀርም እየዋጡ የሚያጠፉ አሉ። እነዚህ ሕዋሳት የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ባገኙ ጊዜ የኩላሊትን ሥራ ራሳቸው ሠርተው ቪታሚን ዲን ወደ ፍጹም መልኩ ይለውጡታል፤ በእርሱም ትእዛዝ ጀርም ገዳይ የሆነ ነገር ያዘጋጃሉ። በደሙ ውስጥ ቪታሚኑ ካነሰው ሰው የተወሰደ ፈሳሽ ሲሰጣቸው ግን ይህን መሣሪያ በሚገባ አያዘጋጁም፤ ጐደሎው ሲሞላ ያዘጋጃሉ። ይህም ብቻ አይደለም፤ ያው ቪታሚን የብግነትን ኀይል ለመግታት ይረዳል።

ብግነት ምንድን ነው? ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ሴልሰስ የተባለ ሮማዊ ጸሓፊ አራት ምልክት ሰጥቶታል፤ መቅላት፥ ማበጥ፥ መጋልና መታመም። እሾህ የወጋው ጣት ሁሉ ይህን ያስተምራል። ከውጭ ጠላት ሲገባ ሰውነት እሳት ያነድዳል፤ ደም ወደዚያ ይጐርፋል፤ ነጭ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ ትኵሳት ይነሣል። እረኛ ሌሊት ከበረቱ አጠገብ እሳት የሚያነድደው ጅብ እንዳይገባ ነው፤ እሳቱ ከጠፋ ጅብ ይገባል። ነገር ግን በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያለ ልክ የነደደ እሳት ከጅብ የከፋ ነው። በሳንባ ነቀርሳ ደረት ውስጥ የሚገኘውን ቀዳዳ የሚቦረቡረው ጀርሙ ብቻ አይደለም፤ ጀርሙን ለማጥፋት የተነሣው የገዛ ሰውነታችን እሳትም ነው። ስለዚህ ፈጣሪ ለእሳቱ አመድ ደግሞ ሰጥቶታል። የጐዣም ሴት ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍና ታድራለች፤ አያጠፋውም፥ አይነድም፤ ጧት ገለጥ አድርጋ ታያይዘዋለች። ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች በየቀኑ የሚያመነጩት ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ሥራው ይህን የመሰለ ነው።

ይህን ሁሉ እንድናጠና ያስገደደን በዘመዶቻችን ቤት የደረሰ ነገር ነው። የአክስታችን ልጅ ወንድ ልጅ በወለደች በአምስተኛው ወር ሰውነቷ መመንመን ጀመረ። ማታ ማታ ትኵሳት ይይዛታል፤ ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፤ ታስላለች። ቤተ ሰቡ «የአራስ ብርድ ነው» አለ። ከዚያም አንድ መድኃኒት ሻጭ፥ አክታ ሳይመረመር፥ ደረትም ሳይደመጥ «የቪታሚን እጥረት ነው» ብሎ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ቪታሚንና በወረቀት የተጠቀለሉ ትንንሽ ነጫጭ ክኒኖች ሸጠላት። ክኒኖቹን «ምግብ ያስበላሉ» አላት። በእርግጥም አስበሏት! በሳምንቱ ትኵሳቱ ቀለል አለ፤ ምግብ ወደደች፤ ጕንጯ ሞላ። አክስታችን ደስ ብሏት ለሻጩ ማር ላከችለት። በሁለተኛው ወር ግን ሳሉ ተመልሶ በረታ፤ አንድ ቀንም ደም ቀላቅሎ መጣ።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ አብረናት ሄድን። አክታዋ ተመርምሮ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ታወቀ። የጤና መኰንኑ የያዘቻቸውን መድኃኒቶች አሳዩኝ ብሎ ተመለከተና ትንንሾቹን ክኒኖች ለብቻ አስቀመጣቸው። ፕሬድኒሶሎን ነበሩ፤ ማለት በሰው እጅ የተሠራ የዚያው የኮርቲሶል ወንድም። ሻጩ የሰጣት አመድ ነበር። እሳቱ ስለ ተዳፈነ ሕመሙ የሄደ መሰለ፤ ትኵሳቱ ጠፋ፥ ሆድም ተከፈተ፤ ጅቡ ግን በሩ ክፍት ሆኖ አገኘው። የጤና መኰንኑ ክኒኑን በአንድ ጊዜ እንድትጥለው አልፈቀደም፤ ከውጭ ሲገባላቸው የቈዩት ዕጢዎች ሥራቸውን ትተው ይሆናልና፥ ቀስ በቀስ አስቀንሶ አስተዋት። የነቀርሳውን መድኃኒት ግን በዚያው ቀን አስጀመራት፤ ለሕፃኑም እንዳይያዝ የሚከላከል መድኃኒት ታዘዘለት። ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ ነው፤ ለሻጩ ግን ከአንድ የበግ ዋጋ የማያንስ ገንዘብ ተከፍሎ ነበር።

በመንገድ ስንመለስ «ጋሼ፥» አለችን፥ «ይህ ሁሉ ክኒን ስድስት ወር ሙሉ ከሚዋጥ፥ በጠርሙሱ ቪታሚን ብቻ አልድንም? እርሱ እንኳ ሆድ አይረብሽም።»

እኅታችን ያነሣችው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ሊቃውንትም በመላው ዓለም የጠየቁት ነው። መልሱም ከዚህ ከአገራችን ተገኝቷል። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች፥ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሊቃውንትና የስዊድኑ የካሮሊንስካ ተቋም ባልደረቦች ተባብረው፥ በአዲስ አበባ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን 348 ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው። ሁሉም የታወቀውን የነቀርሳ መድኃኒት ወሰዱ። ለእኩሌቶቹ በተጨማሪ በየቀኑ 5,000 ዩኒት ቪታሚን ዲ እና ፌኒልቡቲሬት የሚባል ረዳት መድኃኒት ለ16 ሳምንት ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ፥ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጣቸው። ከበሽተኞቹ የሚበዙት ሲጀምሩ በደማቸው ያለው ቪታሚን ዲ ያነሰ ነበር። በ16ኛው ሳምንት የወሰዱት ካልወሰዱት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖላቸው ተገኘ። በስምንተኛው ሳምንትም ሳሉ፥ ላቡ፥ የደረቱ ውጋት፥ ክሳቱና ይህን የመሰለው ምልክት ሁሉ ተደምሮ ሲለካ የወሰዱት ከሌሎቹ የተሻሉ ሆኑ። አክታቸው ከጀርም የሚነጻበት ጊዜ ግን በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነበር። ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ታተመ።

እኛ ከዚህ የተረዳነው እንዲህ ነው። ቪታሚኑ የታመመውን ሰውነት ደግፎታል፤ ቃጠሎውንም አስታግሦለት ሊሆን ይችላል። ጀርሙን ከአክታ ያጠፉት ግን ሪፋምፒሲን፥ አይሶናያዚድና ጓደኞቻቸው ናቸው። ከሁለቱም ወገን የነቀርሳውን መድኃኒት እንዲተው የተጠየቀ ማንም አልነበረም። ለእኅታችን ይህን በነገርናት ጊዜ የጤና መኰንኑ ከሰጣት ክኒኖች አንዱን አንሥተን «ይህስ ምን ይመስልሻል?» አልናት። ፒሪዶክሲን ነው፤ ከቢ ቪታሚኖች አንዱ። አይሶናያዚድ የሚባለው የነቀርሳ መድኃኒት ይህን ቪታሚን ከሰውነት ስለሚያጐድል፥ እጅና እግር እንዳይደነዝዝ፥ እንዳያቃጥልም አብሮ ይሰጣል። ለካ ሐኪሞቹ የሚያስፈልጋትን ቪታሚን በልኩ አስቀድመው ሰጥተዋት ኖሯል!

ደግሞ ቪታሚን ዲን ላላነሰውም ላነሰውም በጅምላ በማደል ደዌን እንከላከል ያሉ ነበሩ። በአፍጋኒስታን ዋና ከተማ በካቡል 3,046 ሕፃናት ተመርጠው ለእኩሌቶቹ በየሦስት ወሩ 100,000 ዩኒት እየተሰጣቸው ለ18 ወር ተጠበቁ፤ በ2004 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንዳሳየው ሳንባ ምች አልቀነሰም። በሞንጎልያም 8,851 የትምህርት ቤት ልጆች ግማሾቹ በየሳምንቱ 14,000 ዩኒት ለሦስት ዓመት ወሰዱ፤ የነቀርሳ ጀርም ከመግባት አላዳናቸውም። ይህ በ2012 ዓ.ም. ታወቀ። እንግዲህ «የአዲስ አበባው የ1989 ምርመራ ሐሰት ነው ወይ?» ቢባል፥ አይደለም እንላለን። ሪኬትስ ደረቱን አልሞ የጣለው ሕፃን አንድ ነው፤ በደሙ ጥቂት የጐደለው፥ አጥንቱ ግን የጠና ሕፃን ሌላ ነው። የፈረሰውን ምሰሶ ማቆም ቤቱን ያድነዋል፤ በቆመው ቤት ላይ ምሰሶ መደርደር ግን ዝናቡን አያስቀረውም። በዚህም ላይ በደም ውስጥ የቪታሚን ማነስ ሁልጊዜ የደዌ አባት አይደለም፤ ታሞ ቤት የዋለ ሰው ፀሐይ አያገኝምና የደዌ ልጅም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቪታሚን ደግሞ በቀጥታ ነፍስ ያድናል። ኩፍኝ ለያዘው ሕፃን ሐኪም የሚሰጠው ቪታሚን ኤ እንዲህ ያለ ነው፤ ዐይንን ከመጥፋት፥ ሕፃኑንም ከሞት ያተርፋል፤ ዳፍንትንም ይፈውሳል።

ስለ ፕሬድኒሶሎን የተናገርነው ደግሞ መድኃኒቱን ለመንቀፍ አይደለም። በመስከረም 1941 ዓ.ም. ሄንች የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፥ በመገጣጠሚያ ብግነት ታስራ መነሣት ለተሳናት አንዲት ሴት ኮርቲሶን የተባለውን ሆርሞን ወጋት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ዓለም ተደነቀ፤ ሄንችና ሁለት ጓደኞቹ በ1943 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲቈይ ፊትን እንደሚያሳብጥ፥ አጥንትን እንደሚያሳሳ፥ ስኳርን እንደሚያስነሣ፥ የተኛ ጀርምንም እንደሚቀሰቅስ ወዲያው ታየ።

በሥፍራው ሲሆን ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ፥ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ይህን በየቀኑ ያያል። የሥጋ ደዌ ጀርም በመድኃኒት እየሞተ ሳለ እንኳ፥ ሰውነት በድንገት እሳት አንሥቶ የገዛ ነርቮቹን ያቃጥላል፤ ትናንት ይጨብጥ የነበረ እጅ ዛሬ ይሽመደመዳል፥ ዐይንም ይጐዳል። ያን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ለወራት፥ እየተለካና እየተቀነሰ ይሰጣል፤ እጅንና እግርን፥ ዐይንንም ያተርፋል። የጀርሙ መድኃኒት ግን ጐን ለጐን ይቀጥላል። በኮሮና ወረርሽኝም ጊዜ፥ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የታወቀው ነገር ይህንኑ ያስተምራል። በመተንፈሻ መሣሪያ ከተረዱት በሽተኞች ዴክሳሜታዞን ካልተሰጣቸው ከመቶ 41 ያህሉ ሲሞቱ፥ ከተሰጣቸው የሞቱት 29 ያህል ነበሩ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን መድኃኒቱ አልጠቀማቸውም፤ እንዲያውም ከእነርሱ መካከል የወሰዱት በቍጥር በዝተው ሞቱ። የእኛም የጤና ሚኒስቴር በዚያው ወር በጽኑ ለታመሙት እንዲሰጥ መክሯል። አንዱ ክኒን፥ በአንዱ ደዌ፥ ለአንዱ አዳኝ ለአንዱ ጐጂ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን። ታዲያ ይህን የመሰለ መድኃኒት በወረቀት ጠቅልሎ «ያወፍራል፥ ያስበላል» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ምን ዓይነት ኅሊና እንዳላቸው እንጃ!

የሕፃናቱን ነገር ሳናስረዳ አንተው። ፀሐይ ማሞቅ ሲባል በብዙዎች ዘንድ ሊነጋጋ ሲል፥ ጨረሩ ገና ሲያጋድል ነው የሚደረገው። ይህ ሙቀት ይሰጣል እንጂ ቪታሚኑን የሚሠራው ጨረር ያን ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ጥላችን ከቁመታችን እያጠረ ሲመጣ፥ ማለት ረፋዱ ላይ፥ ጨረሩ ይበረታል። ስለዚህ በረፋድ፥ ቈዳው እስኪቀላ ወይም እስኪያልበው ሳይቈይ፥ ለጥቂት ደቂቃ፥ ፊቱና ዐይኑ ተጋርደው እግሩና እጁ ተገልጠው ደጅ ማውጣት ነው። ልብስ ደራርበው ቢያወጡት ፀሐዩ የሚሞቀው ጋቢው ነው። በመስተዋት ውስጥ የሚገባውም ፀሐይ አይጠቅምም፤ መስተዋት ያን ጨረር ያስቀረዋልና። የጠቈረ ቈዳ ቪታሚኑን የሚሠራው በዝግታ ስለ ሆነ፥ አንድ ቀን አውጥቶ ወር መተው አይበቃም። በሐኪም የሚታዘዝ ጠብታም አለ፤ ከልኩ ካለፈ ግን በደም ውስጥ ካልሲየምን አብዝቶ ኩላሊትን ይጐዳልና፥ እንደ ስኳር በማንኪያ የሚጨመር ነገር አይደለም። የጐድኑ አጥንት እንደ መቍጠሪያ የሚዳሰስ፥ ወይም በዓመት ተመንፈቁ ያልቆመ ልጅ ግን በፀሐይ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ትንፋሹ የፈጠነ፥ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጐድ ሕፃንም በዚያው ቀን፥ በዚያው ሰዓት ይወሰድ።

አክስታችንን ለማሳመን ከነቀርሳው ይልቅ ይህ ነገር አስቸግሮን ነበር። «ሰባት ልጅ ያሳደግሁት ፀሐይ ሳላሳይ ነው» አሉን። እኛም ከሰባቱ ስንቱ እግረ ቀጥ እንደ ሆነ አልጠየቅናቸውም፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንድትነግራቸው አደረግን እንጂ። አሁን ረፋድ ላይ ከደጃፉ ባለው መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሕፃኑን ከጭናቸው አድርገው፥ ፊቱን በነጠላቸው ጋርደው፥ እግሮቹን ይገልጡለታል። በሌላው እጃቸው ዳማ ከሴ ይዘው ነው የሚቀመጡት፤ ስለዚህ ምንም አላልናቸውም።

እኅታችን አራተኛ ወሯን ይዛለች። የሁለተኛው ወር የአክታ ምርመራ ጀርም አላሳየም፤ ሳሉም ጠፍቷል፤ ያበጠው ፊቷ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት «ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ክኒኑ ይቅርብኝ» ብላ ነበር፤ ባለቤቷ በየማለዳው ከፊቱ እንድትውጥ አድርጓል። የመድኃኒቷ ጊዜ የሚያልቀው በሐምሌ ነው፤ የጮቄ ደመና በሚወርድበት፥ ለሕፃኑም ፀሐይ በሚታጣበት ወር። ያን ጊዜ ጠብታው ያስፈልገው እንደ ሆነ ለመጠየቅ ቀጠሮ ይዘናል።